የሆስፒታል የውሃ አጠቃቀም (ሲግናልና አካባቢው)

በአዲስ አበባ ሆስፒታል ውሃን መቆጠብ ሲባል በዋናነት የሚለካው ቧንቧው በሚደርቅበት ቀን ነው። የከተማዋ ውሃ ከምሥራቅ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከምዕራብ ከገፈርሳ፣ ከደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። እንደ ሲግናል ወደ እንጦጦ አቀበት እየተጠጋ በሚሄድ ሰፈር መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር የመስመሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የውሃ ፈረቃው ሲጨመርበት ሕንፃው የሚተማመነው በራሱ ሮቶ ነው። ለምሳሌ በቀን 20 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ሆስፒታል 60 ሜትር ኩብ ቢያጠራቅም ለ3 ቀን ይበቃዋል። ከፍጆታው ሩብ ያህሉን ብክነት ቢያስቀር ግን ያው ሮቶ 4 ቀን ያደርሰዋል።

ብክነቱ የት ነው? ከባሕር ማዶ የሚመጡ መመሪያዎች አየር ማቀዝቀዣ ማማዎችን ከፊት ያስቀምጣሉ፤ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ባለች ደጋ ከተማ ግን ለአብዛኛው ክፍል መስኮት መክፈት ይበቃል። እዚህ መታየት ያለበት ሌሊቱን ሙሉ የሚንዶቀዶቅ ሽንት ቤት፣ ላውንድሪውና የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ነው። የእጥበት ማሽን በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሲያሳልፍ የ4 ሰዓት ሕክምና 120 ሊትር ይወስዳል፤ ለዚህ የሚሆነውን ውሃ አስቀድሞ የሚያጣራው መሣሪያም ተጨማሪ ብዙ ውሃ ወደ ፍሳሽ ይለቃል። የሚለቀቀው ውሃ ጨው በዝቶበት እንጂ ታካሚ ነክቶት አይደለም፤ ለሽንት ቤት ማፍሰሻ ያገለግላል።

ቁጠባ ንጽሕናን ይጎዳል የሚለው ስጋት የሚሠራው የእጅ መታጠቢያው ከተነካ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና 100 ሊትር ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መጠን ነው፤ ከዚያ በታች መውረድን ቁጠባ ብሎ መጥራት አይቻልም። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፍጆታ ሲቀንስ ውሃው ሮቶ ውስጥ ይሰነብታል፣ ክሎሪኑ ይተናል፣ ሳንባ ምች የሚያመጣው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያም ለብ ባለ ውሃ ይራባል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሮቶዎቹ በተራ የሚሠሩ መሆን አለባቸው፣ ብዙ የማይከፈቱ ቧንቧዎች በየጊዜው ይለቀቃሉ፣ ሙቅ ውሃም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠራቀማል። የጣሪያ ሶላር በክረምት ደመና 60 ዲግሪ ስለማይደርስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልገዋል፤ የውሃ ቁጠባው በመብራት ሒሳብ ላይ የሚጨምረው ወጪም ይኸው ነው።