«ያጨሳሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው «ያጨሳሉ? አዎ / አይ» ብሎ ሁለት ሳጥን መደርደር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ትናንት ያቆመው የቱን ይጫን? በበዓል ቀን ብቻ የሚያጨሰውስ?

እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ሐኪሙ ሪቻርድ ዶል እና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተፋጠጡ። በብሪታንያ የሳንባ ካንሰር ሟቾች ቁጥር እየናረ ነበር። የመኪና ጭስም፣ የአስፋልት ሬንጅም ይጠረጠር ነበር። ሲጋራማ አብዛኛው ወንድ የሚያጨሰው የተለመደ ነገር ነው።

ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ቃሉን ፈቱት። አጫሽ ማለት ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ በቀን ቢያንስ አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ነው አሉ። ከዚያ መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንዳቆመና በቀን ስንት እንደሚያጨስ ይጠየቃል። መልሱ ይታመን እንደሆነ ለማየት ደግሞ 50 ሕሙማንን ከወራት በኋላ እንደገና ጠየቁ።

አንድ ስጋት ግን ቀረ። ፎርሙን የሚሞሉት የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኞች ካንሰር የተጠረጠረበትን ሰው ብዙ ጊዜ ያውቁታል። ሳይታወቃቸው የእሱን ሲጋራ አብዝተው ጽፈው ቢሆንስ? መልሱ የተገኘው እዚያው መረጃ ውስጥ ነው። ሲጠየቁ «ካንሰር አለባቸው» ተብለው፣ በኋላ ግን ምርመራው ስህተት ሆኖ የተገኘ ሰዎች ነበሩ። አድልዎ ቢኖር ኖሮ የእነሱም ሲጋራ በዝቶ መታየት ነበረበት። አልታየም፤ ልማዳቸው ካንሰር ከሌለባቸው ሕሙማን ጋር ተመሳሳይ ሆነ።

ውጤቱ በ1950 ታተመ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል በዚያ ትርጉም አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ናቸው። ለንጽጽር ከተመረጡት 649 ሌሎች ሕሙማን መካከል ግን 27 ነበሩ።

በ1951 ሌላ ፎርም አዘጋጁና ወደ 60,000 ለሚጠጉ የብሪታንያ ሐኪሞች በፖስታ ላኩ። አሁን ጠያቂ የለም፤ ሐኪሙ ብቻውን፣ በሥራ መሃል ነው የሚሞላው። ስለዚህ ሆን ብለው አሳጠሩት፦ አሁን ያጨሳሉ? አጭሰው አቁመዋል? ወይስ አዘውትረው አጭሰው አያውቁም? ከ40,000 በላይ ሰው መለሰ። በጥያቄ ቢያጨናንቁት ኖሮ ስንቱ ወደ ቅርጫት ይጥለው ነበር!

መሃል ላይ ያለችውን ሳጥን ልብ በሉ። «አቁመዋል?» የምትለው ባትኖር ኖሮ ያቆመው ሰው ወይ ከአጫሹ፣ ወይ ካላጨሰው ጋር ተደባልቆ ይቀር ነበር። እሷ ስለነበረች ግን ጥናቱ 50 ዓመት ተከታትሎ በ2004 ይህን መናገር ቻለ፦ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያጣል፤ በ60 ዓመቱ ያቆመ 3 ዓመት ያህል ያተርፋል፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ ደግሞ 10ሩንም ለማለት ይቻላል።

«አዎ / አይ» የሚል ፎርም ለአጫሽ «ትሞታለህ» ብቻ ነበር የሚለው። ይኼኛው «አሁንም አልረፈደም» አለው።