የሟች ሀብት በማን እጅ ይቆይ? በሰላ ድንጋይና በሸዋ ስለ ነበረው የውርስ አያያዝ

መርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. በተገደሉ ጊዜ ታላቁ ልጃቸው በኩሬ በመርሐ ቤቴ ነበሩ። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ግን ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ጋር በሰላ ድንጋይ ነበሩ። በኩሬ ጥቂት ዘገዩ፤ ሣህለ ሥላሴም በእናታቸው ወገኖች በመንዞች ድጋፍ የአባታቸውን ሥልጣን ያዙ። በኩሬ ቁንዲ ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ስለ ነበረ ከሌሎቹ ወንድሞቻቸው ጋር በጎንቾ ታሰሩ።

ይህ የመንግሥት ውርስ እንጂ የባላገር ርስት አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ከሞተበት ቀን አንሥቶ ወራሾቹ ድርሻቸውን እስኪለዩ ድረስ ሀብቱ በማን እጅ ይቆያል? የሚል ነው። ቀድሞ የተገኘ ከያዘው ሩቅ ያለው ወራሽ መብቱን ያጣልና።

በሸዋ ባላገር ዘንድ ርስቱ ሳይከፈል ሲቆይ ከወንድማማቾቹ ታላቁ አለቃ ይባላል፤ ታናናሾቹም ምንዝር ሆነው ግብራቸውን በእርሱ በኩል ይከፍላሉ። ሟቹ ኑዛዜ ትቶ እንደ ሆነ የነፍስ አባቱና ሽማግሎች የቃሉ ምስክር ይሆናሉ። ጠብ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በሽማግሌ፣ ሽማግሌ ካቃተውም በዳኛ ይታያል። የአለቃነት ጥቅሙ ርስቱን ሳይበታተን ማቆየቱ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ጠባቂው ዘመን ሲረዝም ራሱን እንደ ብቸኛ ባለቤት ሊቈጥር መቻሉ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጠባቂ «አጣሪ» የሚል ስም ሰጠው። አጣሪውም ሦስት ዓይነት ነው፦ ወራሾቹ ራሳቸው፣ ሟቹ በኑዛዜ የሰየመው ሰው፣ ወይም ወራሾቹ ሳይታወቁ ሲቀሩና ውርሱን አንቀበልም ሲሉ ዳኞች የሚሾሙት ሰው። ማንኛቸውም ቢሆኑ ኑዛዜ መኖሩን ይመረምራሉ፣ ሀብቱን ይጠብቃሉ፣ ዕዳ ይከፍላሉ፣ በመጨረሻም የሥራቸውን ሒሳብ ያቀርባሉ። ከአለቃው የሚለያቸውም ይህ ሒሳብ ነው።

ወራሾቹ አንድ ልብ ሲሆኑ ራሳቸው ቢያጣሩ ወጪው ይቀንሳል። ከመካከላቸው ሩቅ ያለ ወይም ሕፃን ሲኖር ግን ከድርሻው የማይጠቀም የውጭ ሰው ይሻላል። የተዝካርም ነገር አለ። ሕጉ የቀብርን ወጪ ከሌሎች ዕዳዎች ሲያስቀድም ተዝካርን ከቀብር ወጪ አይቈጥርም። ልማዱ ግን ተዝካር ሳያወጡ መቅረትን ነውር ያደርገዋል። ወራሹ አጣሪ የሆነ እንደ ሆነ በሕጉና በጎረቤቱ ዓይን መካከል ይቆማል፤ በሬው ታርዶ ባለ ዕዳ የጠየቀ እንደ ሆነ ተጠያቂው እርሱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ አለቃና ምንዝር ከርስቱ ጋር ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ባላገር የሚያወርሰው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። የበኩሬ ጥያቄ ግን ዛሬም በየሟች ቤት ይነሣል፤ መልካም አጣሪ ማለትም በሌለ ወራሽ ፈንታ ሀብቱን የሚጠብቅ ሰው ነው።