አንኮበር፦ የአንኮ በር

የአገራችን ሰው ለቦታ ስም ሲያወጣ አይጨነቅም። ዛፍ ካለ በዛፉ፣ ታቦት ካለ በታቦቱ፣ ገበያ ካለ ገበያው በሚውልበት ቀን ይጠራዋል። ለዚህም ነው አንድ ስም በየአገሩ የሚደጋገመው። በወላይታ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በዴሳ ትባላለች፤ ምዕራብ ሐረርጌ ሲሄዱ ደግሞ ሌላ በዴሳ ትገኛለች፤ የሐረርጌዋ ስም በኦሮምኛ ዶቅማ ማለት ነው። ሐሙሲትና ቅዳሜ ገበያማ ተቆጥረው አያልቁም። አንኮበር ግን አንድ ብቻ ናት። ስሟን ያገኘችውም ከዛፍ ወይም ከታቦት አይደለም፤ ከአንዲት ሴት ነው።

ሴትዮዋ አንኮ ትባላለች። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው አፈ ታሪክ የኦሮሞ ባላባት ሚስት ነበረች ይላል፤ ሌሎች ራሷ ገዢ ነበረች ይላሉ። የሸዋ ነገሥታት አምባውን ከመያዛቸው በፊት መውጫ መግቢያው በእጇ ስለነበረ ቦታው «የአንኮ በር» ተባለ፤ ሲቆይም ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው አንኮበር ሆኑ። በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የዘለቁ አውሮፓውያን ይህንኑ ትርጓሜ ከአገሬው ሰምተው ጽፈውታል። በሰሜን ሸዋ ተራሮች አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው «በር» የሚለው ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወደ ምዕራብ ደጋው፣ ወደ ምሥራቅ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር የአፋር ቆላ። ብዙም ሳይርቅ ጣርማ በር አለ፤ እሱም ያው በር ነው። አፋፉ ሰው የሚያሳልፈው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ እነዚያን ቦታዎች የያዘ ቀረጥ ይቀበላል፣ ወሬ ይሰማል፣ ጠላትንም ቀድሞ ያያል።

በሩ ምን ያህል ሀብት እንደነበረው ለማወቅ ወደ አልዩ አምባ መውረድ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለች የነጋዴ ከተማ ናት። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚያርፈው እዚያ ነበር። አሞሌ ጨው በግመል ይመጣና በበቅሎና በአህያ ሽቅብ ይወጣል፤ እህልና ቡና ቁልቁል ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ አንኮበር ገበያ ማውራት የታሪኩን ግማሽ መደበቅ ነው።

የሸዋ መሳፍንት አንኮበርን መናገሻ ያደረጉት በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። ስሟ ባሕር የተሻገረው ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም ደረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሻለቃ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ መጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም ንጉሡና እንግሊዝ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ከሃሪስ ጋር በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በጉዞው የሣላቸው ሥዕሎችም እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ በአልበም ታትመዋል። ዛሬ የአንኮበርን የጥንት መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገላብጠው የእሱን ሥራ ነው። ጥድ የበዛበት ሾጣጣ ኮረብታ፣ በኮረብታው ዙሪያ በአጥር ላይ አጥር፣ ከላይ የንጉሡ ግቢ፣ ከታች የሣር ክዳን ጎጆዎች። ከተማዋን በወረቀት ላይ ያኖረልን የውጭ ሰው መሆኑ ትንሽ ይቆጫል።

የሚያስቆጨው በግቢው ውስጥ ባለ እጅ ጠፍቶ ስላልነበረ ነው። የሣህለ ሥላሴ አደባባይ አንጥረኛው፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ጦርና ጋሻ ሠሪው፣ ሸማኔው እየተመላለሰ የሚሠራበት ቦታ ነበር። ንጉሡ የእጅ ሥራ ይወድ ነበር፤ አዲስ መሣሪያ ሲያይ አገላብጦ ሳይመረምር አያልፍም። ሕዝቡ ግን ማረሻውን ለሚሠራለት ቀጥቃጭ «ቡዳ» የሚል ስም አውጥቶለት ልጁን አይድርለትም፤ ከሸክላ ሠሪዋ እንስራ ይገዛል እንጂ ማዕድ አይቆርስም። እነዚህ ሰዎች በሥራቸው ላይ ስማቸውን አልጻፉም፤ ጸሐፌ ትእዛዝም አልጻፈላቸውም።

አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ካስገበሩ በኋላ ልጅ ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰደ፤ በ1857 ዓ.ም አምልጦ ሲመለስ የአባቶቹን አንኮበር መልሶ ያዘ። ግን አልረጋባትም። ልቼ፣ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ፍልውሃ እያሉ መናገሻው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሸ። አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1879 ዓ.ም አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ገባ። በወጣትነቱ የፈረንሳይን ግጥም የለወጠ፣ ከዚያም ብዕሩን ጥሎ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ምኒልክን አንኮበር አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ ንጉሡ እንጦጦ ናቸው ተባለ፤ እዚያ ሄዶ ባሰበው ዋጋ ሳይሆን በተሰጠው ዋጋ ሸጦ ተመለሰ። አንኮበር ታላቅ ገጣሚ ረግጧታል፤ እሱ ግን የመጣው ለስንኝ አልነበረም።

በአካባቢዋ ሌላም ደስ የሚል ስም አለ፤ ልጥ ማረፊያ። ምኒልክ ቦታውን ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጥተው፣ ማርኪዝ አንቲኖሪ የተባለው የወፍና የእንስሳት ተመራማሪ እዚያ ሰፍሮ ነበር። በነሐሴ 1874 ዓ.ም አርፎ እዚያው ተቀበረ።

ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ አንኮበር ቀስ በቀስ መንደር ሆነች። በዚያች በቀዘቀዘች መንደር ነው በጥቅምት 1925 ዓ.ም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አገሩን ወረረ፤ የልጅነቱ የመጀመሪያ ትዝታ ጦርነት ሆነ። ከነጻነት በኋላ ትምህርቱን ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በ15 ዓመቱ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። አገሪቱ መሐንዲስ ትፈልግ ነበር። እሱ ግን ለንደን ላይ ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም ስሌድ የተባለውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጨመረ። ተመልሶም በ1946 ዓ.ም አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሥዕሉን ለሕዝብ አሳየ። በቀጥቃጭ ላይ ከሚያፌዝ ማኅበረሰብ የወጣ ወጣት ከምህንድስና ይልቅ የእጅ ሥራን መምረጡ በዘመኑ ድፍረት ነበር።

ከሁሉ የገዘፈ ሥራው አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም ተመረቀ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ፊት ለፊቱ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ያገኛል፤ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። በአንደኛው ክፍል ችቦ የያዘ አፍሪካዊ ቤተሰብ ቆሟል፤ የየባህላቸውን ልብስ የለበሱ ሰዎች አብረውት አሉ። ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትመታው ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል። በግንቦት 1955 ዓ.ም የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር የፈረሙት በዚህ አዳራሽ ነው። መስታወቱ ከአዳራሹ ጋር ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም እንደገና ተከፍቷል።

ቀሪውን ሥራውን የሚያውቀው ብዙ ነው፦ «የመስቀል አበባ»፣ «እናት ኢትዮጵያ»፣ በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያሉት ሥዕሎች። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ማዕረጉ እየረዘመ ሄዶ «የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» ደረሰ፤ በዚህ የሚቀልድ አልጠፋም። እኔ ግን አልቀልድም። በቅድመ አያቶቹ ዘመን ባለ እጅ ስም አልባ በነበረበት ከተማ ተወልዶ ስሙን ከነማዕረጉ ማስጠራቱን እንደ ካሳ እቆጥርለታለሁ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም አረፈ።

ሰሜን ሸዋ ሌሎችንም አፍርቷል፤ ደራሲው ከበደ ሚካኤል ከመንዝ፣ ከግርም ገብርኤል ናቸው። አንኮበርን ልዩ የሚያደርጋት ያፈራችውን ሁሉ በስሟ እንደተመለከተው በበሯ ማስወጣቷ ነው፤ መናገሻዋ ወደ እንጦጦ፣ ሥዕሏ ወደ ለንደን፣ ልጇም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ስሟን ይዛ ያልሄደች አንዲት ወፍ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ አዲስ ተብላ የተመዘገበች፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ ስትሆን ሳይንሳዊ ስሟ ከአንኮበር የተወሰደ ነው፤ ዛሬም በዚያው አፋፍ ላይ ትኖራለች።

ዛሬ የወረዳው ሥራ የሚካሄደው ጎረቤላ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምትሄዱ ሰዎች ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ፈልጋችሁ የአንኮን ነገር ጠይቁ፤ የሚሏችሁንም በድምፅ ቅዱት። የአፈወርቅ ታሪክ በመጽሐፍ ተይዟል፤ የአንኮ ታሪክ ያለው ግን በሰው አፍ ላይ ነው።