የመንጋጋ አጥንት ጥራትና በተተከለ ጥርስ ዙሪያ የሚፈጠር ጫና

የጥርስ ተከላ ወይም በተለምዶ «ኢምፕላንት» የሚባለው ሕክምና፣ ከታይታኒየም የተሠራ ብሎን መሰል ሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገጠምበት አሠራር ነው። የሕክምናው ውጤት በሚተከለው ዕቃ ጥራትና በባለሙያው ክህሎት ብቻ አይወሰንም፤ ዕቃውን የሚሸከመው አጥንት ያለበት ሁኔታም ከፍተኛ ድርሻ አለው። ይህ መረጃ አገልግሎቱን የሚፈልጉ ዜጎች የቅድመ ተከላ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግና የመጠበቂያው ጊዜ ለምን ከሰው ሰው እንደሚለያይ እንዲገነዘቡ የተዘጋጀ ነው።

አጥንትና ታይታኒየም እንዴት ይዋሃዳሉ?

ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የገባ ታይታኒየም ከአጥንቱ ጋር በጽኑ እንደሚዋሃድ የተገነዘቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ በዚሁ ዘዴ የመጀመሪያውን የጥርስ ታካሚ ያከሙት በ1965 ነው። ውህደቱ እንዲሳካ የተተከለው ሥር በፈውሱ ወቅት መነቃነቅ የለበትም። እንቅስቃሴው ከ0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ጠባሳ ሊፈጠርና ተከላው ሊከሽፍ ይችላል።

የተፈጥሮ ጥርስ በሥሩና በአጥንቱ መካከል በማኘክ ጊዜ የሚፈጠረውን ግፊት የሚያለዝብ ስስ የጅማት ሽፋን አለው። የተተከለ ሥር ይህ ሽፋን ስለሌለው ግፊቱ በቀጥታ ወደ አጥንቱ ይተላለፋል።

ጫናው የሚበረታው የት ነው?

የመንጋጋ አጥንት ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ጥቅጥቅ ያለው የውጭ ሽፋንና ስፖንጅ መሰሉ የውስጥ ክፍል ናቸው። በምሕንድስና ስሌቶች ውስጥ የውጩ ሽፋን ከውስጡ በአሥር እጥፍ ያህል ግትር ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህም ምክንያት ከፍተኛው ጫና የሚከማቸው በተተከለው ሥር አንገት ዙሪያ፣ ማለትም ከድድ ሥር ባለው የአጥንቱ ጠርዝ ላይ ነው።

የውጩ ሽፋን ወፍራም ሲሆን ጫናውን በሚገባ ይሸከማል። ሽፋኑ ስስ፣ ውስጡም ልል ሲሆን ግን በስሱ ሽፋን ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ የውስጡ አጥንት የበለጠ ይለጠጣል፤ ሥሩም በቀላሉ ይነቃነቃል። ከአቅም በላይ የሆነ ጫና ሲደጋገም አጥንቱ ሊጎዳና ሊሸረሸር ይችላል።

አራቱ የአጥንት ዓይነቶች

ሌክሆልምና ዛርብ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት አመዳደብ እስከ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል፦

• ዓይነት 1፦ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጥቅጥቅ ያለ አጥንት፤
• ዓይነት 2፦ ወፍራም የውጭ ሽፋንና ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ መሰል ውስጥ ያለው፤
• ዓይነት 3፦ ስስ የውጭ ሽፋን ኖሮት ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፤
• ዓይነት 4፦ ስስ የውጭ ሽፋንና ልል ውስጥ ያለው።

በአብዛኛው ጠንካራው አጥንት የሚገኘው በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ሲሆን፣ ልሉ ደግሞ በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ነው። የማኘክ ኃይል የሚበረታው በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ በመሆኑ ይህ ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ይሁን እንጂ እጅግ ጠንካራ አጥንትም የራሱ ችግር አለው። የደም ዝውውሩ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ በሚቦረቦርበት ጊዜ በቀላሉ ይግላል፤ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ አጥንቱን ሊጎዳ ይችላል።

ጫናን ለመቀነስ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ባለሙያው የአጥንቱን መጠንና ጥግግት በራጅ ወይም በሲቲ ምርመራ ይለያል። አጥንቱ ልል ሆኖ ሲገኝ እንደ ሁኔታው ሰፋ ወይም ረዘም ያለ ሥር ሊመርጥ፣ የተተከሉትን ሥሮች ቁጥር ሊጨምር ወይም አስቀድሞ አጥንት የመሙላት ሕክምና ሊያካሂድ ይችላል። የላይኛው ጥርስ የሚገጠምበት ጊዜም ሊራዘም ይችላል። በነባሩ አሠራር ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው 6 ወር ያህል ይጠበቅ ነበር። ዛሬ በተመረጡ ሁኔታዎች ጊዜው ሊያጥር ቢችልም፣ ውሳኔው በአጥንቱ ሁኔታና በተተከለው ሥር ጽናት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት።

ከተገልጋዩ የሚጠበቁ ተግባራት

• ሲጋራ ማጨስን፣ የስኳር ሕመምንና በመንጋጋ አካባቢ የተደረገ የጨረር ሕክምናን አስቀድሞ ማሳወቅ፤
• ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚወሰዱ መድኃኒቶችን መናገር፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አለማቋረጥ፤
• በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስ የማፋጨት ልማድ ካለ መግለጽ፤
• የአጥንቱ ዓይነት፣ የመጠበቂያው ጊዜና ምክንያቱ እንዲብራራ መጠየቅ፤
• እስኪፈቀድ ድረስ በተተከለው በኩል ጠንካራ ምግብ አለማኘክ፤
• የተተከለውን ዕቃ ዓይነትና መጠን የያዘ ሰነድ ማስቀመጥ፤ ሕክምናው በሌላ አገር የተደረገ ከሆነም ሰነዱን ይዞ መመለስ።

የተተከለው ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ሲነክሱበት ካመመ፣ ድዱ ካበጠ ወይም መግል ከታየ የክትትል ቀጠሮን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ጥርሱን ቶሎ ለማስገጠም መቸኮል ውሎ አድሮ ተከላውንም አጥንቱንም ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ባለሙያው የሚወስነውን የመጠበቂያ ጊዜ ማክበር የሕክምናው አንድ አካል መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።