አማተር ራዲዮ በመካነ ሰላም ደጋ

አማተር ራዲዮ፣ ለንግድ ሳይሆን ስለ ዕውቀትና ስለ ወዳጅነት፣ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ከቤቱ ተቀምጦ ከሩቅ አገር ሰው ጋር በሞገድ የሚነጋገርበት ክቡር ጥበብ ነው። ለኢትዮጵያ የተመደበው ዋናው የጣቢያ መጥሪያ ምልክት በ«ኢ ቲ» የሚጀምር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ይገኛል።

ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ የዐባይን ሸለቆ በስተምዕራብ፣ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን የአምባ ፈሪትን ተራራ በስተሰሜን ይዛ የምትገኘው የወሎዋ ከተማ መካነ ሰላም፣ ለዚህ ሥራ ተፈጥሮ ያደላት ስፍራ ናት፤ ምድሩ ወደ ሸለቆው በሚያዘቀዝቅበት ወገን የተዘረጋ አንቴና ሞገዱን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ ይለቃልና፣ ሞገዱም ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ እጅግ ሩቅ ይደርሳል። በ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለመነጋገር ለአንቴና የሚያስፈልገው በመካከሉ የተከፈለ 10 ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ያለው ገበሬ እንኳ ሊሰቅለው ይችላል። ከባዱ ነገር የኤሌክትሪክ ኀይል ነው፤ እርሱንም የፀሐይ ሰሌዳና የመኪና ባትሪ ይተካሉ።

የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይታወካል፤ በራዲዮ የሚመጣው ድምፅም አንዳንድ ሌሊት እየተንቀጠቀጠ ይሰማል፤ ይህም ለሊቃውንት ምርምር የሚገባ ጉዳይ ነው። በክረምት ግን የደጋው መብረቅ ብርቱ በመሆኑ፣ የአንቴናው ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ፣ ደመናም ሲያንዣብብ ከመሣሪያው መነቀል ይገባዋል።