የቆልማማ እግር ሕክምና ታሪክና የእናቶች ድርሻ

በመንደራ ቆጪ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ገንፎው ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሕፃኑን ገልጦ ማየትና መመረቅ የቆየ ልማዳችን ነው። አንዳንድ ቤት ግን እናትየው የልጇን እግር በጨርቅ ጠቅልላ ትሸፍናለች። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ተወልዷል። ጎረቤት “እርግማን ነው” ይላል፤ “በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ነው?” የሚላትም አይጠፋም። እናትም ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቷን ትደፋለች። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ እግርና ስለ ሕክምናው ታሪክ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ለመንገር ነው።

ቆልማማ እግር በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በወንዶች ላይ ከሴቶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ሁለቱም እግሮቻቸው እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው እንጂ እናት ያየችው ወይም የረገጠችው ነገር አያመጣውም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ያለ እግር ቶሎ ከተጀመረ በእጅ ቀስ እየተባለ ተቃንቶ፣ በጨርቅ ታስሮ ሊድን እንደሚችል ጽፏል። ይህ ምክር ለብዙ ዘመን ተረሳ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሐኪም ስትሮማየር የተረከዝን ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ መቁረጥ ጀመረ። የራሱ እግር የተቆለመመው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1836 ወደ እሱ ሄዶ ታከመና ሙያውን ይዞ ለንደን ተመለሰ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሐኪሞች እግሩን በሰፊው ቀድደው ማስተካከልን መረጡ። እግሩ ለጊዜው ቀጥ ይላል፤ ልጁ ሲያድግ ግን ብዙ ጊዜ ይደርቃል፣ ያማል።

ይህን ያስተዋለው በስፔን ሜኖርካ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1914 የተወለደው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ሲያክም ቆይቶ ተሰደደ፤ በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሕፃኑን እግር በየሳምንቱ በእጅ በለስላሳው እያዞረ በጄሶ የሚይዝ ዘዴ አወጣ። በ1963 አሳተመው፤ ሰሚ ግን ጥቂት ነበር። በ1995 የታተመ ጥናት በእሱ ዘዴ የታከሙ 45 ሰዎችን በአማካይ 34 ዓመት ሲሆናቸው መረመረ፤ 78 ከመቶው እግራቸው በጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ዘዴው በዓለም የተሰማው በሐኪሞች ጥረት ብቻ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልጆቻቸው ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የዳኑላቸው ወላጆች በኢንተርኔት እርስ በርስ እየተነጋገሩ ወሬውን አዳረሱት። እናት ለእናት የነገረችው ነገር ሐኪሞችንም እንዲያዩት አስገደዳቸው።

ወደ አፍሪካ ሲመጣም ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። በኡጋንዳና በማላዊ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው ጄሶውን አሰሩ። በኡጋንዳ ከአገር ውስጥ ቆዳና ብረት የሚሠራ ርካሽ ጫማ ተዘጋጀ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ተከፈተ፤ የኪዩር የቆልማማ እግር ፕሮግራምም ከ2019 ጀምሮ ሆፕ ዎክስ በሚል ስም ራሱን ችሎ ይሠራል። ለእኛ ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ይህ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወታደሮቻቸው ተብሎ የተሠራ ነበር። ዛሬ የገበሬው ልጅ ይታከምበታል።

ሕክምናው እንዲህ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። ባለሙያው እግሩን ጥቂት ያቃናና ከጣት እስከ ጭን በጄሶ ያስራል፤ ሕፃኑ ጡት እየጠባ ከሆነ ይረጋጋል። በየሳምንቱ ጄሶው ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ለአብዛኞቹ የተረከዙ ጅማት በማደንዘዣ በትንሹ ይቆረጥና የመጨረሻው ጄሶ ለ3 ሳምንት ይቆያል፤ ጅማቱም በዚያ ጊዜ ይቀጠላል። ቤት ስንመለስ ጄሶው ውኃ እንዳይነካው እንጠብቃለን፤ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ካበጡ ወይም ወደ ጄሶው ውስጥ ከገቡ ቀን ሳንቆጥር እንመለሳለን።

ረጅሙ ሥራ የሚጀምረው ጄሶው ሲወልቅ ነው። ሁለት ጫማዎች በብረት ዘንግ ተያይዘው ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት ይታሰራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌሊትና በእንቅልፍ ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ዓመት። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል፤ አያት “ልጁን አታሠቃዩት፣ እግሩ ድኗል” ትላለች፤ እናትም አንጀቷ ይላወሳል፣ ጫማውን ትፈታለች። እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙ በሳምንታት የሠራውን የሚያጸናው በየማታው ጫማውን የምታስረው እናት ናት።

እዚህ ላይ ነው ማኅበራችን የሚገባው። ሕክምናው በነፃ በሚሰጥበት ቦታ እንኳ የመንገድ ወጪ አለ። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ በየሳምንቱ አራስ ልጅ ታቅፎ ጅማ መመላለስ ከባድ ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ስለሆነ በክረምት ከብዙዎቻችን እጅ ገንዘብ የለም። ልጅ ግን ወቅት መርጦ አይወለድም። ዕቁብ የምንጥለው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው፤ ደጋፊዎቻችን የሚልኩት ገንዘብም አንዷን እናት ስድስት ሳምንት ሊያመላልሳት ይችላል። ገንዘብ የማይፈልገውም ሥራ ብዙ ነው፦ አብሮ መሄድ፣ የቀሩትን ልጆች ማየት፣ የገበያ ቦታዋን መጠበቅ፣ ባልና አማትን ማስረዳት፣ ጫማው ማታ መታሰሩን መጠየቅ።

ስለዚህ ከእንግዲህ አራስ ስንጠይቅ እግሩንም ገልጠን እንይ። ጣታችንን ከመቀሰር ይልቅ “ይድናል፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን” እንበላት።