የጌጥ ሙዝ ከዘር እስከ አበባና ፍሬ፦ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ

በቴሌግራምና በቲክቶክ «የሰማያዊ ሙዝ ዘር አለን፣ በ3 ወር ፍሬ ይሰጣል» ዓይነት ማስታወቂያ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ከዘር የሚበቅል፣ ግቢ የሚያሳምር፣ አበባም ፍሬም የሚሰጥ ሙዝ በእርግጥ አለ። ሰማያዊ ተብሎ የሚሸጠው ግን እሱ አይደለም።

📌 የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም

ከጉልት የገዛችሁትን ሙዝ ለሁለት ቁረጡት። መሃሉ ላይ የምታዩዋቸው ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች ሳያድጉ የቀሩ የዘር ምልክቶች ናቸው፤ ብትተክሏቸው አይበቅሉም። ለምግብ የሚውሉት የሙዝ ዓይነቶች ያለ ዘር ነው ፍሬ የሚይዙት። ስለዚህ የሚባዙት ከእናት ተክሉ ሥር በሚወጣ ቡቃያ ወይም በቤተ ሙከራ በቲሹ ካልቸር በሚዘጋጅ ችግኝ ነው።

«ሰማያዊው ሙዝ» የሚባለውስ? ብሉ ጃቫ የሚባል ዝርያ እውነት አለ። ሳይበስል ልጣጩ ሰም በመሰለ ነገር ስለሚሸፈን ወደ ብርማ ሰማያዊ ያደላል፤ ሲበስል ግን ይቢጫል። ፎቶ ላይ የምታዩት ደማቅ ሰማያዊ በኤዲቲንግ የመጣ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ እሱም ዘር አልባ መሆኑ ነው። የብሉ ጃቫን ዘር እሸጣለሁ የሚል ሰው የሌለ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

📌 ታዲያ ከዘር የሚበቅለው የቱ ነው?

የዱር ሙዞችና ዘመዶቻቸው ናቸው። ለጀማሪ የሚመቸው ሙሳ ቬሉቲና ነው። ትውልዱ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሲሆን ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ስለሆነ በትልቅ ባልዲ ወይም በበርሜል ግማሽ ውስጥም ይኖራል። ፍሬው ሮዝ ቀለም ያለው፣ ሲዳስሱት እንደ ቬልቬት የሚለሰልስ ነው።

ሁለተኛው የራሳችን እንሰት ነው። አዎ፣ እንሰት! ፈረንጆቹ «የአቢሲኒያ ሙዝ» እያሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መናፈሻዎች ለጌጥ ይተክሉታል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

📌 ዘሩን ማብቀል፦ ትዕግሥት ይጠይቃል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። የሙዝ ዘር ጥቁርና እንደ ጠጠር የጠነከረ ስለሆነ ውኃ ቶሎ አይገባውም። በዚያ ላይ ዘሩ ሙቀቱ ካልተስማማው ተኝቶ ይቆያል።

1. ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዘፍዝፉት። ውኃውን በየ12 ሰዓቱ ቀይሩ። የፈላ ውኃ አታድርጉበት፣ ዘሩን ይገድለዋል።

2. ከመዘፍዘፉ በፊት ቆዳውን በጥፍር ሞረድ በአንድ በኩል ትንሽ ብትፍቁት ውኃ እንዲገባ ይረዳል። ነጩ ውስጡ እስኪታይ ድረስ ግን አትፈግፍጉት።

3. አፈሩ ውኃ የማያቁር ይሁን፦ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት። ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። የእንሰት ዘር ትልቅ ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ይግባ።

4. አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። ላዩን በላስቲክ ሸፍኑትና በሁለት ቀን አንዴ ከፍታችሁ አናፍሱት፤ አለበለዚያ ይሻግታል።

5. ሙቀቱ ወሳኝ ነው። ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ዘሩን ይቀሰቅሰዋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ወይም ሙቀት ያለው ፍሪጅ ጀርባ አካባቢ አስቀምጡት። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጥላ ያለበት በረንዳ ይበቃችኋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በ3 ሳምንት ብቅ ይላል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮች እንኳን እኩል አይበቅሉም። ስለዚህ 10 ዘር ዘርታችሁ 2 ብቻ ቢበቅል አፈሩን አትድፉት፤ የቀሩት ሊመጡ ይችላሉ። የቆየ ዘር ደግሞ የመብቀል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስትገዙ መቼ ከፍሬው እንደወጣ ጠይቁ።

📌 ከችግኝ እስከ አበባ

ችግኙ 3 ወይም 4 ቅጠል ሲያወጣ ለብቻው ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሩት። ሥሩ ዕቃውን በሞላ ቁጥር ሰፋ ወዳለ ቀይሩት። ሙዝ ሆዳም ተክል ነው፦ ኮምፖስት፣ የበሰበሰ ፍግና ብዙ ውኃ ይወዳል። ጥቂት የእንጨት አመድ አፈሩ ላይ ብትነሰንሱ ለአበባና ለፍሬ የሚያስፈልገውን ፖታሺየም ይሰጠዋል።

ግንድ የሚመስላችሁ ነገር ግንድ አይደለም፤ እርስ በርስ የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ናቸው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም አካል ነው። አበባው ከዚያ ተነሥቶ በመሃል ሰንጥቆ በአናቱ ይወጣል።

ሙቀትና ምግብ ከተሟላለት ሙሳ ቬሉቲና ከተዘራ በአንድ ዓመት አካባቢ ሊያብብ ይችላል። በደጋ ከዚያ በላይ ይቆያል። አበባው እንደ ተራው ሙዝ ወደ ታች አይንጠለጠልም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሮዝ ሽፋኖቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ቢጫማ ብርቱካናማ አበቦች ይታያሉ። መጀመሪያ የሚከፈቱት ሴቴዎቹ ናቸው፤ ፍሬ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ወንዴዎቹ ጫፍ ላይ ይከተላሉ።

ፍሬው ሲበስል ልጣጩን ራሱ ይልጣል! ውስጡ ነጭና ጣፋጭ ነው፣ ግን በዘር የተሞላ ስለሆነ ጥርሳችሁን ጠብቁ። ያፈራው ግንድ ከዚያ በኋላ ይሞታል፣ ከሥሩ የወጡት ልጆቹ ይተካሉ። ዘሩን አጥባችሁ ብትዘሩት ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

📌 እንሰት፦ ዓለም የሚደነቅበት የጓሯችን ተክል

እ.ኤ.አ. በ1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ዘር ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። እዚያ የነበሩ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ዘር ስለማያውቁ ምንነቱን አልለዩትም። ዘሩ በቅሎ ሲያድግ ነው የሙዝ ወገን መሆኑን ያወቁት። ዛሬ «ማውሬሊ» የሚባለው ቀይ ቅጠል ያለው እንሰት በውጭ አገር የአትክልት መደብሮች ይሸጣል።

ልዩነቱን ግን እወቁ። እንሰት የሚያብበው በሕይወቱ አንዴ ነው፤ ዓመታት ጠብቆ ያብባል፣ ያፈራል፣ ይሞታል። እንደ ሙዝ በራሱ ልጅ አያወጣም። ገበሬዎቻችን ዘሩን ትተው የሚያባዙት ከመሬት በታች ያለውን አካል መሃሉን ቆርጠው በመቅበር ሲሆን፣ ከዚያ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ቆጮና ቡላ የሚገኘውም ከተክሉ አካል ነው እንጂ ከፍሬው አይደለም።

📌 የማይታለፍ ጥንቃቄ

የእንሰት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ተመዘገበ። ቆይቶ ሙዝንም ያዘ፣ በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ። ቅጠሉ ይቢጫል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያዣል። መድኃኒት የለውም።

የሚተላለፈው በቢላ፣ በታመመ ችግኝና በነፍሳት ነው። ስለዚህ፦

✔️ ከማታውቁት ቦታ የሙዝ ወይም የእንሰት ቡቃያ አታምጡ።
✔️ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላችሁን በበረኪና እጠቡ ወይም በእሳት ለብልቡ።
✔️ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ ለጎረቤት አትስጡ።
✔️ ውጭ አገር ያላችሁ ዘር በሻንጣ ከመያዛችሁ በፊት የምትገቡበትን አገር ሕግ ጠይቁ፤ ብዙ አገሮች የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ብርድ ያለበት ከተማ የምትኖሩ ደግሞ ውርጭ ሳይመጣ ተክሉን ከነዕቃው ወደ ቤት አስገቡት።

ይህን የምንለው ለማካበድ አይደለም። 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ወገናችን ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው። ለበረንዳ ጌጥ ብላችሁ ያመጣችሁት አንድ የታመመ ቡቃያ የጎረቤትን ጓሮ ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ዘርን በትዕግሥት ማብቀል ግን በሽታ የማምጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ደስታውም ሌላ ነው።

«ሰማያዊ ሙዝ» ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ይቺን አድርሱት። ሞክራችሁ የበቀለላችሁ ደግሞ ፎቶውን ላኩልን፣ እኛም እናጋራዋለን።